በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ

እትዬ፣

ተቆጥተሽም ቢሆን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትይዣለሽ? ጋሼስ እንዴት ሰነበተ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀው? ስለ ልጅሽ አልጠይቅሽም፤ ትናንት በአራተኛው ክፍለ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት። የጎን ጥርሷ ሊወልቅ ደርሶ በምላሷ ስትነቀንቀው ነው የዋለችው። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ደህና አይደለሁም፣ እትዬ።

ስልኬን አላነሳ ካልሽ ይኸው ዛሬ ስምንተኛ ቀንሽ ነው። ይህን ደብዳቤ በልጅሽ ቦርሳ ልልከው አስቤ ነበር። ግን አሁን አጥርታ ታነባለች፤ የታሸገ ነገር አይታ ዝም ብላ ማለፍ ደግሞ አልፈጠረባትም። በማን እንደወጣች እንጃ። ስለዚህ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቼልሻለሁ። እሷም ብትሆን ማንበቡ ያምራታል፤ ደግነቱ መነጽሯ ከጠፋባት ወር ሆናት።

ልጅሽን ከኔ ክፍል ልታስወጫት መወሰንሽን አውቄያለሁ። ነገሩን ግን ከኔ አፍ ስሚውና ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊ። ለነገሩ ያሰብሽውን ሳታደርጊ የቀረሽበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የኛን ክፍል አይተሽው አታውቂም። ሦስተኛ «ለ» ይባላል፣ አርባ ስድስት ልጆች ናቸው። ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ስለሆነ መስኮቱን ስከፍተው ሽታ፣ ስዘጋው ሙቀት ነው። ዳይሬክተሯ ስፓኒሽ ያስጀመረችው ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለጀመረባት እንጂ ለቋንቋው ተጨንቃ አይደለም። መጽሐፍ የለንም። ሥዕሉን የምሥለው እኔ፣ መዝሙሩን የማዘምረው እኔ፤ ድምፄን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ልጆቹ ይወዱኛል። ከቆርኪ ማንኳኪያ ሠርተው፣ ከወረቀት ማራገቢያ አጥፈው፣ እግራቸውን እየደበደቡ ሲጨፍሩ ብታያቸው ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። የበሩ ጥበቃ እንኳ ከነሱ ቃርሞ፣ ጠዋት ዳይሬክተሯ በመኪናዋ ስትገባ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ቡዌናስ ኖቼስ»፣ ማለትም ደህና እደሪ፣ ይላታል። እሷም በኩራት እጇን ታነሣለታለች። ማንም አላረመውም፣ እኔም ጭምር።

ልጅሽ ግን ሌላ ናት። ያቺን ምላስ የምታርገፈግፍ «ር» አርባ አምስቱ ልጆች ምራቃቸውን እየረጩ ይታገሏታል። ልጅሽ በመጀመሪያው ቀን፣ ማስቲካ እያኘከች፣ አለቻት። የሙዚቃ መምህሩ በበሩ ሲያልፍ ሰምቶ፣ ይቺ ልጅ ይሄን ምላስ ከማን ወረሰችው ብሎ ጠየቀኝ። እናቷ የውጭ ዘፈን ትወዳለች ብዬ አለፍኩት። አንቺ ዘፈን ሲከፈት ራስ ምታት እንደሚይዝሽ እሱ በምን ያውቃል? ስፓኒሽ ያስተማረኝን የዚያን አገር ሰው ነገር ዳግመኛ ላላነሣ ምዬልሻለሁ፤ መሐላዬን አልረሳሁም።

ያን ቀን ያስተማርኩት ስለ ስም ነበር። ስፓኒሽ በሚነገርበት አገር ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም ይይዛል፣ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ወገን። እናትየዋ ከልጇ ስም ውስጥ አትጠፋም። ይህን ትምህርት በሌሎቹ ክፍሎች ስደርስበት እዘለው ነበር፤ ዘንድሮ ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ባህሉ የታለ፣ ቋንቋ ብቻ ነው ወይ የምታስተምሪው ብሎ ዕቅዴ ላይ ስለጻፈብኝ ማምለጫ አጣሁ። እንዲቀልላቸው ብዬ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ። በመጀመሪያው የራሳቸውን ስም፣ በሁለተኛው የአባታቸውን፣ በሦስተኛው የእናታቸውን አባት ስም እንዲጽፉ ነገርኳቸው።

ደብተሮቹን በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ አረምኩ። ልጆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሦስተኛው መስመር ላይ የእናታቸውን ስም ራሱን ጽፈዋል። የእናቱን አባት ስም የሚያውቅ የስምንት ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል? እሱን በቀይ እየሰረዝኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ከልጅሽ ደብተር ደረስኩ። በሦስተኛው መስመር ላይ የአባባ ስም፣ በዚያ ክብ ክብ ጽሕፈቷ፣ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። እንዴት ደስ አለኝ! አባባ እኮ እሷን ሳያያት ነው የሞተው። ከዚያ እጄ ወደ ሁለተኛው መስመር ወጣና የጋሼን ስም ሰረዘው።

እጄ መሰረዝ ለምዶ ነው ብዬ ልሸነግልሽ እችላለሁ። ለዳይሬክተሯም ያልኳት ይህንኑ ነው። ላንቺ ግን አልዋሽሽም። ከሰረዝኩት በኋላ አየሁት። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ደብተሩ ፊቴ እንደተከፈተ ነበር። ደወሉ ተደወለና የክፍሉ አለቃ መጥታ ደብተሮቹን ታቅፋ ይዛቸው ሄደች። ልጠራት እችል ነበር። አልጠራኋትም።

በማግሥቱ ልጅሽ እጇን አወጣች። ቲቸር፣ የአባቴ ስም ምኑ ጋ ነው የተሳሳተው ብላ ጠየቀችኝ። ያቺ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ አፏ የማይዘጋው ልጅ ከኋላ ሆና፣ ምናልባት አባትሽ አይደለም ይሆናላ አለች። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ልጅሽም ሣቀች፣ እትዬ፤ ከሁሉም በላይ የሣቀችው እሷ ናት። አርባ ስድስት ልጅ በአንድ ቃል ጸጥ የማሰኝ መምህርት፣ ዞሬ ንጹሑን ሰሌዳ ጠረግሁ። በመጨረሻ ደብተሯን አስመጣሁና ከሥሩ «ስህተቱ የመምህርቷ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። እሷም አይዞሽ ቲቸር፣ እኔም አንዳንዴ እሳሳታለሁ አለችኝ።

ጋሼ ደብተሩን አይቶ ራቱን ሳይጨርስ እንደተነሣ የነገረችኝ እሷው ናት። ሆዱን አሞት ነው ብላለች። ያ ሰው ቤታችሁ ስገባ ስወጣ አንድ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ስሙን ሲሰጣትም ማንም አላስገደደውም፤ ደስ ብሎት ነው የሰጠው። ሄጄ እግሩ ላይ ብወድቅ እወድ ነበር። ግን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? አፌን ከከፈትኩ የሚወጣው ይቅርታው ብቻ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ።

ቤቴን ልታፈርስ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ቤትሽ ባይኖር እሷስ የት ትደርስ ነበር? ያኔ ሁለት ሆነን ከሰፈር ርቀን ሄደን ሦስት ሆነን ስንመለስ፣ ከአውቶቡሱ አንቺ ሕፃኗን ታቅፈሽ ቀድመሽ ወረድሽ፣ እኔ ሻንጣዎቹን ተሸክሜ ተከተልኩሽ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለ አገላብጦ ሲስምሽ፣ እኔን ምነው እንዲህ ከሳሽ አሉኝ። የአየር ለውጥ ነው አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። በወር አንዴ ብቻ ነይ ስትዪኝ በወር አንዴ መጣሁ። አታልቅሺባት ስትዪኝ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ልክተፍልሽ አልኩ። ይህን ትምህርት ቤት የመረጥኩት ደሞዙ ስቦኝ እንዳይመስልሽ። እሷን እዚህ ማስመዝገብሽን ስሰማ ነው ዳይሬክተሯን ደጅ የጠናሁት። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ሰማንያ ደቂቃ። በዚያ ላይ ስም ጥሪው፣ ጫጫታው፣ ሽንት ቤት ፍቀጂልኝ ባዩ አለ። ያችው ነች ያለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። አንቺ ልጅ ብትወልጂ ሦስተኛው መስመሯ ከኔ ጋር አንድ ይሆናል አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ታዲያ ለምን አንድ አትወልጂልኝም፣ ብቻዬን ሰለቸኝ አለች። እሺ አልኳት። ምን ልበላት፣ እትዬ? እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ? እየዘለለች ወረደች፤ እኔ የደረጃውን ብረት ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ከክፍል ስመለስ ምክትል ዳይሬክተሯ ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣው አገኘሁት። ከስፓኒሽ ወደ ሥዕል መዛወሪያ። ጽሕፈትሽን ከሩቅ ነው ያወቅኩት። ምክንያት በሚለው ቦታ «ልጅቷ ስለከበዳት» ብለሻል። አልከበዳትም፣ እትዬ። በክፍሉ አንደኛ ናት።

እዚህ ደንቡ ልጁን የሚለቀው መምህር ካልፈረመ ማንም አይዛወርም ይላል። አራት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ አስቀመጥኩት። ባልፈርምስ እያልኩ ነበር። ምክትሏ ስትመላለስብኝ እያረምኩ ነው፣ ነገ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ ያላልኳት ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተሯ ራሷ ጠራችኝና፣ አክስቷ ስለሆንሽ መሰለኝ አልለቅም ያልሽው፤ እናት ከወሰነች እኮ አክስት ምን አገባት ብላ ሣቀች። አብሬያት ሣቅሁ። ያኔ ነገር ሁሉ ያለቀለት መሆኑ ገባኝ። የምመልስላት መልስ ነበረኝ፤ ግን ያ መልስ ከስምንት ዓመት በፊት ያንቺ ሆኗል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሥዕሉን ትማር፣ ግድ የለም። ግን እቤት ውስጥ በስፓኒሽ ስትዘፍን ከሰማሻት ዝም በይ አትበያት። የሰጠኋት ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ለማንም ጉዳት የለውም፣ ትርጉሙንም ማንም አይጠይቃትም። ጋሼን ደግሞ በኔ ፋንታ ሳሚልኝ። ለምን እንደሆነ ከጠየቀሽ ዝም ብላ ነው በዪው።

ፎርሙን ፈርሜበታለሁ። ለወላጅ የሚሰጠውን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌልሻለሁ። አንቺ «እናት» ከሚለው ፊት ለፊት ፈርመሻል፣ እኔ ከሥርሽ። ከአንቺ ፊርማ ሥር ስፈርም ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ሕፃኗን ላንቺ ስለቅ፣ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነርሷ ክርኔን ደግፋ ይዛልኝ ነበር። ዛሬ ብቻዬን ነው የፈረምኩት።

ወገብሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ጋሼን ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

የልጅሽ አክስት