ለሦስት የተሰፋ ፍራሽ

ሚያዝያ 12 ቀን

ይድረስ ለእኔዋ ለፍላፊ፣

እንዴት ነሽ ልጄ? እስካሁን በስልክ ብቻ የማውቃት የስድስት ወሯ ልጅሽ፣ አለቃዬስ ደህና ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ። አሁን አትምጡ፤ ቲኬቱን አራዝሚው። የእህትሽን ልጅ ኩፍኝ ይዟታል። ክትባቱን ዛሬ ነገ ስንል አሳልፈንባት ነበር።

መጀመሪያ ትኩሳትና ሳል ነበር፤ ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ። ጉንፋን ነው አልን። በአራተኛው ቀን ሽፍታው ከጆሮዋ ጀርባ ብቅ ብሎ ፊቷን አለበሰና ወደ ደረቷ ወረደ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ገና ከበር ሆና አወቀችው። ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን ቀድሞ፣ ከታየም በኋላ አራት ቀን በትንፋሽ ይጋባል አለችን፤ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ለሁለት ሰዓት ያህል አየሩ ላይ ይቆያል። ያንቺዋ ደግሞ ለክትባቱ ገና ናት።

የፍራሽ ሱቄ በር ላይ "ኩፍኝ አለ፤ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ" ብዬ ለጠፍኩ። ጎረቤታችን አናጢው አንብቦ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መሸጥ ጠላህ እንዴ?" አለኝ።

"ልጆችህን አስከትበሃል?" አልኩት።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ።

"አባዬ፣ እኛንም እኮ ይዞን ነበር፤ እንዴት ደስ ይል ነበር" እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ያ ለሦስታችሁ የሰፋሁት ፍራሽ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አንቺ ተረት ትፈጥሪያለሽ፤ እህትሽ የፊትሽን ሽፍታ ትቆጥርና ስትሳሳት እንደገና ትጀምራለች፤ ትንሹ ወንድማችሁ ከመሃል ሆኖ እናንተ በሳቃችሁ ቁጥር ይስቃል። ሳቃችሁ እስከ ሱቁ ይሰማኝ ነበር። ቤታችን ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ ይናፍቀኛል።

እሱን ከመሃላችሁ ያስተኛችው እናታችሁ ትመስላችኋለች። እሷም እስክትሞት አላስተባበለችም። እኔ ነኝ ልጄ። እሱ ደህና ነበር፤ ሌላ ክፍል ነበር የተኛው። የዚያን ጊዜ ሰው "አንዴ ይያዙና ይውጣላቸው" ይል ነበር፤ እኔም አልኩና በእነዚህ እጆቼ አንስቼ አመጣሁት። እናንተ ዳናችሁ። እሱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያዘው፤ ሳሉ ወደ ሳንባው ወረደ። ስንቀብረው ገና ሰባት ወሩ ነበር። እናትሽ ስትወቀስ ዝም ማለቴን ይቅር በሉኝ።

አሁን የእህትሽ ልጅ ብቻዋን ተኝታለች። መስኮቷ ክፍት ነው፤ ከእናቷ በቀር ማንም አይገባም፤ እየተሻላት ነው። አንቺ ግን ትንሿ ዘጠኝ ወር ሞልቷት ትከተብ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ነዪ። እስኪ ልጠብቅ፤ ጉልበቴም ከእኔ ጋር ይጠብቅ።

አንቺን ያሳደገልኝ እሷንም ያሳድግልሽ፤ ለእርጅናም ያብቃት። ፍራሿን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ጥጡም አዲስ ነው። ጠባብ ናት፣ ከአንድ ልጅ በላይ አትይዝም።

አባትሽ