ሎጋ ያልተጫወተችበት ዓመት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለህ? እማዬስ እንዴት ናት? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ የማንን ጣት ነክሳ እንደመረቀችው ጻፍልኝ። እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ሆዴን ግን ባር ባር ይለዋል።

ባለፈው በስልክ "ምን ነካችሁ? አምና ለዋንጫ ደርሳችሁ ዘንድሮ ጭራ ትሆናላችሁ?" ስትለኝ መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁብህ። መስመሩ ደህና ነበር፤ ማልቀሴን እንዳትሰማ ብዬ ነው። አሁን በእርጋታ ልንገርህ።

ዓመቱን የጀመርነው ደረታችንን ነፍተን ነበር። የቅርጫት ኳስ ቡድናችንን አምበል በፎቶ ታውቃታለህ፣ ከኔ ጎን የቆመችው፣ ከሁላችን በላይ አንገቷ ብቅ ያለው፣ ሎጋ የምንላት። ኳስ እጇ ከገባ ቅርጫቱ ራሱ እሷን ፍለጋ የሚመጣ ነው የሚመስለው። አሰልጣኛችን ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ መለያ አስለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ለምን ስንለው "አሰልጣኙ እኔ ነኝ" ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። እሷም ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ታጨበጭብልናለች። "ተጣላችሁ እንዴ?" ብላት "ተይኝ እስቲ" ብላኝ ሄደች።

ስህተቱ ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንተ ጨዋታ ታውቃለህና አልደብቅህም፣ ሰውዬው ዘንድሮ ብዙ ተሳስቷል። ሁላችንንም ቅርጫታችን ስር ሰብስቦ ያስከላክለናል፤ ተጋጣሚዎቻችን ከሩቅ ቆመው ባለ ሦስት ነጥቡን ሲያዘንቡብን ዝም ብሎ ያያል። ሰዓት እንዲያስቆም በዓይናችን እየለመንነው ነገር ካለቀ በኋላ ያስቆማል። ያለ ቅያሪ ያስሮጠንና መጨረሻ ላይ እግራችን የሌላ ሰው እግር ይሆንብናል።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አንድ ቅርጫት ብቻ ቀርቶን፣ ተመልካቹ በሙሉ "ሎጋ! ሎጋ!" እያለ ወለሉን ሲደበድብ እሷ ብድግ አለች። እሱ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት። ከዚያ እኔ ወረወርኩ። ኳሷ ቀለበቱን ዞራ ዞራ ወደ ውጭ ወደቀች። ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ጮኸ፣ አንዱም የውሃ ጠርሙስ ወርውሮ ጀርባውን መታው። ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አነሳና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። እኔም በሆዴ "ይበልህ" አልኩ።

በሳምንቱ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ መልበሻ ክፍላችን መጥቶ አሰልጣኙ መሰናበቱን ነገረን። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ይሄኔ ሎጋ ከጥግ ተነስታ "አታጨብጭቡ!" ብላ ጮኸች፤ ደብቃው የቆየችውንም ሁሉ ዘረገፈችው። ልቧን ታማ ኖሯል፤ ሐኪሙም ሩጫ የሚባል ነገር ከልክሏታል። ኮሌጁ የሚያስተምራት ደግሞ በተጫዋችነቷ ነው፣ ከቡድኑ ከወጣች ትምህርቷም ያበቃል። ዓመቱ ሲጀመር አሰልጣኙ እግር ላይ ወድቃ "ለማንም አይንገሩብኝ" ብላ ለመነችው። እሱም ስሟን ሳይፍቅ፣ መለያዋን ሳይነጥቃት፣ ዓመቱን ሙሉ ስድቡን ጠጣላት። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ የተነሳችው "አንዴ ብቻ ልግባ፣ ብሞትም ልሙት" ብላው ነው። "የእናትሽን ዓይን እንዴት ብዬ ላይ?" ብሎ አስቀመጣት።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ውሳኔው አልፏል፣ አዲስ ሰውም ተቀጥሯል" አለና ወጣ። የሷም ነገር ኃላፊው ፊት ስለተነገረ ተደብቆ አልቀረም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ እንድትማር ተፈቀደላት።

ወንድም ዓለም፣ እስካሁን "እሱ" እያልኩ የጻፍኩልህ ስንናደድበት እንደዚያ ማለት ስለለመድን ነው። ከዚህ በኋላ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ተሰብስበን እሳቸው ቤት ሄድን። የጓሮ በር ማጠፊያ ያጠብቁ ነበር። ሎጋን ሲያዩ መፍቻውን ጣል አድርገው "ምን አስለፈለፈሽ? ያን ሁሉ የተሸከምኩት ለምን ሆነና?" ብለው ተቆጧት። ተማሪውን አስተባብረን እንጮኽልዎታለን ስንል እጃቸውን አወዛወዙ። "እሷ ባትቀመጥም የአከላከል ስልቱ የኔ ግትርነት ነው፤ በዚያ ብቻ ብንሸነፍም እሄድ ነበር። ይሄ በደል አይደለም" አሉን። ልናጽናና ሄደን እኛው ተጽናንተን ወጣን። ሲሸኙን ዳገቱ ላይ ሎጋ ትንፋሽ አጠራት። "እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ" አሉንና በእሷ እርምጃ ልክ ቀስ እያሉ ከኋላ ቀሩ። ዞሬ ሳይ ቆመው ያወራሉ፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰድ አለመውሰዷን ይጠይቋት እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ሎጋ አሁን ማዶ አልጋዋ ላይ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ዓመቱ አለቀ፣ ነገ ላትመለስ ትሄዳለች።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ለላከችልኝ ሹራብ እጇ ይባረክ በልልኝ። ትልቁን ልጅ ቁመትህን ጻፍልኝ በለው። ትንሿንም ጥርሷን ተጠንቅቀህ ሳምልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ስታነብላት ግን ስለ ልብ የሚለውን ዝለለው፣ የታመምኩት እኔ የሆንኩ ይመስላታልና።

እህትህ

ከኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ
ሰኔ 3 ቀን