አርባ ሰባቱን ደቂቃ ማን ቆረጠው?

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው! ቴሌግራም ላይ ዝም ስላልከኝ በወረቀት መጣሁልህ። ይሄን «አላየሁትም» ማለት የለም፤ የአጎትህ ልጅ ኑሀ ከእጄ ተቀብሎ እጅህ ላይ ነው የሚያኖረው።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምክ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? የአዲስ አበባ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ማሳ የምናጠጣበት ጎርፍ በልኩ መጥቶ ማሽላው ሰው ይደብቃል።

ወደ ነገሬ ልግባ። አብረን የምንሠራው የትኬት አፕ ላይ የአንዲት ቁልፍ ቀለም በቀየርኩ ቁጥር፣ ላፕቶፔ የተበላሸ ነገር አለ የለም ብሎ ሁለት ሺህ ቴስት አንድ በአንድ ካላስኬደ አላሳልፍም ይል ነበር። አርባ ሰባት ደቂቃ! አርባኛው ላይ መብራት ይሄዳል፤ እንደገና ከዜሮ።

አንድ ቀን አባቴን አየሁት። ጎርፍ ሲወርድ ማሳውን ሁሉ ይዞራል? አይዞርም! ውሃው የገባበትን ቦይ ይዞ፣ ከዚያ ቦይ የሚጠጣውን ብቻ ያያል። «ያልራሰ እርከን ላይ ምን ልፈልግ?» ነው የሚለው። እኔም የትኛው ኮድ ከየትኛው እንደሚጠጣ ማሽኑን አስተማርኩት። አሁን የነካሁትን ተከትሎ የሚመለከተውን ቴስት ብቻ ያስኬዳል፣ ሌላውን ይዘለዋል። አራት ደቂቃ! እልልታዬን ሰምታ እህቴ ሀስና «ማን ወለደ?» እያለች ሮጣ ገባች። ለደንበኛ ከመልቀቃችን በፊት ደግሞ ሁሉም አንዴ ይፈተሻል፤ አላበድኩም።

ታዲያ አለቃችን ዘካሪያስ ስብሰባ ላይ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ለዚህ ሥራ አንተን ሲያመሰግን ምን አልክ? «አሜን!» ኔትወርኩ ድምፄን ቆረጠው እንጂ ጆሮዬን አልቆረጠውም። በኋላ «ምላሴ ቀድሞኝ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ኧረ አቦ! ስሜን የዋጥከው በሰው ፊት፣ ይቅርታው በጓዳ?

ደግሞ ሌላ ወሬ። የእናንተ ሽማግሌዎች እኔን ለአንተ ሊጠይቁ ረቡዕ እንመጣለን ብለው ልከው አባቴ «ምን ልበላቸው?» አለኝ። ሳቄን አፍኜ «ቅዳሜ ይሁን፤ አርብ ስብሰባ አለኝ» አልኩት። ሽማግሌና ስብሰባ ምን አገናኛቸው ብሎ ግራ ገባው። ሀስና ግን ወዲያው ቀሚስ ልትለካ ሄደች።

አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ እናትህን ያቆይልህ፣ ለአንተም ደፋር ምላስ ይስጥህ። አርብ ሦስት ሰዓት፣ ዘካሪያስ ባለበት፣ ሁሉም እየሰማ፣ ማይክህን ከፍተህ መልስ፦ አርባ ሰባቱን ደቂቃ አራት ያደረገው ማነው?

አብሮ አደግህ፣ ከቆቦ