ቴርሞሜትር ጉንፋን የያዛት ዕለት

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም "ደህና ነኝ" እያልሽ ግድግዳ ይዘሽ ነው ደረጃውን የምትወጪው? የአባዬ ዓይንስ? የትንሿ እህቴ ምላስስ እንደተሳለ ነው? እኔ ናፍቆታችሁ አላስቀምጥ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ንገሪኝ ብለሽ ነበር። ሱፐርማርኬቱ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ያስገባኝ ለሙከራ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ወይ ይቀጥረኛል ወይ ያሰናብተኛል። አለቃዬን ሠራተኛው ሁሉ "ቴርሞሜትር" ይላታል፤ የሙቀት መለኪያዋ ከጋዋኗ ኪስ ጠፍቶ አያውቅማ! ወተቱም ዓሣውም ሳትለካውና ሳታሸተው በሩን አያልፍም። "የተበላሸውን መያዝ ግማሽ ሥራ ነው፤ ዋናው ለምን እንደተበላሸ ማወቅ ነው" ትላለች።

ባለፈው ማክሰኞ ግን አፍንጫዋ ድፍን ብሎ መጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ያሸተተ መስሎ ቀኑን ይገፋ ነበር። እሷ ሁላችንንም ሰብስባ "ዛሬ አፍንጫዬን አትመኑት፣ ምንም አይሸተኝም" አለች። ወደ እኔ ዞራም "የዛሬዋ አሽታች አንቺ ነሽ" አለችኝ።

የመጀመሪያው መኪና ዶሮ ይዞ መጣ። የማብቂያ ቀኑ ደህና፣ ቅዝቃዜው ደህና፣ ማሸጊያው የሚያብረቀርቅ። አንዱን ካርቶን ስከፍት ግን ኮምጠጥ ያለ ነገር ሸተተኝ። ደግሜ ሳሸት የለም፤ እንደገና ስሞክር አለ። ሾፌሩ ወገቡን ይዞ "እህቴ፣ ሽታው ከራስሽ አፍንጫ እንዳይሆን፤ አለቃሽ ጉንፋኗን አጋብታብሽ ይሆናል" ብሎ ሳቀብኝ። መልሼው ብሳሳት መደርደሪያው ባዶውን ሊውል፣ የእኔም የእንጀራ ገመድ ሊበጠስ ነው። ባስገባው ደግሞ የማን ልጅ እንደሚታመም እንጃ። እየተንተባተብኩ "ይመለስ" አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ እየበረረ መጣ። "ይህን ሁሉ ዕቃ በማን አፍንጫ ነው የምትመልሱት?" ብሎ ጮኸ። ቴርሞሜትር ረጋ ብላ "በእሷ። ጥያቄ ካለ እኔን ይጠይቁኝ" አለችና ለላቦራቶሪ የሚሆን አንድ ዶሮ አስቀርታ መኪናውን ሸኘችው። ቀጥላም አስኪያጁን ወደ ጥግ ወስዳ አንድ ነገር አንሾካሾከችለት። መባረሬን መሰለኝ፤ ሁለት ቀን እህል ባፌ አልዞረም።

ሐሙስ ከላቦራቶሪው ስልክ ተደወለ፤ ዶሮው ተበላሽቶ ኖሯል። ሁሉም ሲያጨበጭብልኝ እሷ ኮቷን ደርባ ወደ አቅራቢው ሄደች። ለካ ማቀዝቀዣቸው ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ተነስቷል፤ መለኪያው ያልያዘውም ለዚህ ነው። ሲጠፋ የሚጮህ ደወል ሳታስገጥም አልተመለሰችም። እንዲህ ያለች ሴት ናት፣ እማዬ! ኮራሁባት።

ትናንት አስኪያጁ ጠርቶ "ተቀጥረሻል" አለኝ። "ለዶሮው ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ማክሰኞ ዕለት ጥግ ወስዳ የነገረችው "ተሳስታም ቢሆን ቅጠሯት፤ ስትጠራጠር ማስቆም የምትችል ልጅ ናት" የሚል ነበር አለኝ። ውጤቱ ሳይታወቅ እኮ ነው! እዚያው እፊቱ አለቀስኩ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፣ የዓይን ጠብታውንም አትርሳ በይልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚያት፤ ምላሷን ግን አልስምም። አክስቴንና የታችኛውን ፎቅ ልብስ ሰፊ ሰላም በያቸው። ለአንቺም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጅሽ
ከሠራተኞች ምሳ ክፍል፣ እሑድ፣ ግንቦት 17