ደርሶ መልስ የቆረጥኩበት ምክንያት

ውድ ልጄ፣

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዬን አስቀምጠህ ጀርባህን ከሰጠኸኝ ይኸው አሥራ ስድስት ቀን። ስደውል አታነሣም። ጆሮህን ስለነፈግከኝ በወረቀት መጣሁብህ፤ ወረቀት መሐል ላይ አይዘጋም።

«አታለልከኝ» ብለኸኛል። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና ከዚያ የምትለኝን በል።

የላክክልኝ ገንዘብ ለመሄጃ ብቻ እንደነበር አልጠፋኝም። «አባዬ፣ ብቻህን መኖር ይብቃህ፤ ቤቱን ደላላው ይጨርሰዋል፤ አንተ ልብስህን ብቻ ይዘህ ና» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ልጅ ና ሲል እምቢ ማለት ጥጋብ መሰለኝ። የሳይክል መጠገኛዬን ቆልፌ ትኬት ቢሮ ሄድኩ።

ትኬት ቆራጯ ጉንፋን የያዛት ወጣት ነበረች። ኮምፒውተሯን ነካክታ ዋጋውን ከነገረችኝ በኋላ፣ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች «አባቴ፣ ደርሶ መልስ ቢቆርጡ ግን ይረክስልዎታል» አለችኝ።

«እንዴት ተደርጎ? ሁለት ጊዜ በርሬ ከአንድ ጊዜ በታች ልከፍል?»

«በሁሉም መሥመር እንዲህ አይደለም። በዚህኛው ግን እንዲህ ነው።»

«ለምን?» አልኳት። ልጄ፣ ይህቺን «ለምን» ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዣት ኖሬአለሁ። ከየት እንዳመጣኋት እደርስበታለሁ።

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ በትዕግሥት አስረዳችኝ። «ሄዶ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ጠያቂ ነው፣ ወይ ጎብኚ። ውድ ከሆነበት ይተወዋል፣ ወይ ሌላ አየር መንገድ ጋ ይሄዳል። ስለዚህ በዋጋ ያባብሉታል። መመለሻውንም አብሮ ስለገዛ ሁለት ወንበር ሸጡ ማለት ነው፤ ቀኑንም ያስሩበታል። ርካሹን ከያዘ መቀየር ወይ አይቻልም፣ ወይ ቅጣት አለው። መሄጃ ብቻ የሚቆርጠው ግን ብዙ ጊዜ ግድ የሆነበት ነው። ሥራ የጠራው፣ ቤቱን ነቅሎ የሚሄድ፣ ድንገት መርዶ የደረሰው። እሱ ምን ምርጫ አለው? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰሙም?»

«ጭንቀቱን መዝናችሁ ነዋ የምትሸጡለት!»

«እኔ ምን ላድርግ አባቴ፤ ዋጋ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው» ብላ አስነጠሰች።

ደርሶ መልሱን ቆረጥኩ። የመመለሻውን ቀን ስትጠይቀኝ «ዝም ብለሽ አንድ ቀን ጻፊበት» አልኳት፤ የወር ቀጠሮ ሰጠችኝ። ለርካሽነቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሆዴ ግን ያውቅ ነበር። በዚህችኛዋ ብታማኝ አልከራከርህም።

ቤትህ ጥሩ ቤት ነው። ሚስትህ ነጠላ ጫማ ሳይቀር በልኬ ገዝታ ጠበቀችኝ፤ ክፉ አይንካት። አንተም መድኃኒቴን በየቀኑ ከፋፍለህ ሣጥን ውስጥ ደረደርክልኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ስነሣ «ቁጭ በል አባዬ»። ወጣ ልበል ስል «ትጠፋለህ አባዬ»። ሰው ያደረገችኝ ትንሿ ልጅህ ብቻ ነች፤ እግሩ የተነቀለ አሻንጉሊት ይዛ መጥታ «ሥራልኝ» ትለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የታችኛው ፎቅ ጎረቤትህ ካቴናው የወለቀ ሳይክሉን ደረጃው ሥር አቁሞት አየሁ። እጄ አላስቀምጥ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሠራሁለት። ሰውየው እጄን ጨብጦ ሲስቅ አንተ ከሥራ ገባህ።

«አባዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? አባቱን አምጥቶ ደረጃ ሥር ያሠራዋል አይሉኝም?»

«ይበሉ! ቁጭ ብዬ መብላቱ ነው እንጂ ያሳፈረኝ፣ ሥራ መቼ አሳፈረኝና!»

ወደ ላይ ይዘኸኝ ወጥተህ፣ እጅጌዬን ሰብስበህ፣ እንደ ሕፃን እጄን በሳሙና አጠብክልኝ። ያኔ ልቤ ለመመለስ ቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ከደላላው ጋር ስትነጋገር ሰማሁ፤ «ሰኞ ውክልናውን አስፈርመዋለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ርክክብ» ስትል። ትኬቴን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁልህ። አነበብከው። ፊትህ ደም መሰለ።

«ከመጀመሪያውም ልትመለስ ነበር የመጣኸው! አታለልከኝ!»

«ቤቱ የእኔ፣ ፊርማውም የእኔ። አልሸጥም።»

ያልጠበቅኩትን የተናገርከው ያኔ ነው። «እማዬን ጥዬ ሄድኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አሁን ደግሞ አንተ ብቻህን ስትሞት በስልክ ልስማ? እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

ሚስትህ ልጅቷን አቅፋ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያች ቀን እስከምሄድ «ጨው አቀብለኝ» እንኳ አልተባባልንም።

መልሱን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩህ። እንካ።

እናትህ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ በደርሶ መልስ ትኬት መጣህ፤ ለአሥር ቀን። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራኝና «ከሳምንት አታልፍም፤ ልጅዎ ባይሄድ ይሻላል» አለኝ። አንተ መድኃኒት ልትገዛ ወርደሃል። እዚያው ቆሜ ትኬት ቢሮ ደወልኩ። ትኬትህ ርካሹ ስለሆነ ቀኑ አይቀየርም፤ ካልሄደ ይቃጠላል፤ ከዚያ አዲስ የመሄጃ ብቻ መቁረጥ አለበት አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ሄደህ ከምትመለስበት ይበልጣል። ለምን እንደሚበልጥ ጠየቅኩ፤ «አሠራሩ ነው» ብለው ዘጉት። እኔ ያን ያህል የለኝም። ሚስትህ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ አንተም ሥራ ከጀመርክ ገና አልቆየህም። መድኃኒቱን ይዘህ እየሮጥክ መጣህና «ሐኪሙ ምን አለ?» አልከኝ።

«እየተሻላት ነው አለ» አልኩህ።

ዐይንህን እያየሁ ዋሸሁህ።

በማግሥቱ እናትህ ነቃ ብላ «ሄደ?» አለችኝ። «ሄደ» አልኳት። «እሰይ፣ ሕፃኗ ጋ ይድረስ» አለች። ይህችንም ደበቅኩህ። ለምን እንደደበቅኩህ ልንገርህ? ቂም ይዤብህ ነዋ! ራሴ ሸኝቼህ ሳበቃ፣ «እንዴት ልቡ አልነገረውም?» እያልኩ ቂም ቋጠርኩብህ። ለቀብር የመጣ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶበት ሄደ» እል ነበር፤ እንዲያሙህ ብዬ። ይህን ያደረግኩት እኔ አባትህ ነኝ።

እንግዲህ ስማኝ። እናትህን ጥለህ አልሄድክም። ያላጠፋኸውን ጥፋት በእኔ ልትክስ አትድከም፤ ካሣ አልሆንህም። ብቻዬን ልሞት እችል ይሆናል። ሰው ልጆቹ አልጋውን ከበውት ቆመውም ይሞታል። እስከዚያው ግን በሕይወት አለሁ፤ ያለሁትም የት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

በተመለስኩ በማግሥቱ ደላላው ገዢ አስከትሎ በሩ ላይ ተገተረ። «ልጅዎ ተስማምቷል እኮ!» አለኝ። «እንግዲያው የልጄን ቤት ሄደህ ሽጥ» አልኩት። ገዢው በሣቅ ፈረሰ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። መጠገኛውን ከፍቻለሁ። ዛሬ ብቻ አራት የተበሳ የጎማ ካላማደርያ ለጠፍኩ፤ ወገቤ ተቆርጧል፤ ደስ ብሎኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ በመስኮቷ ብቅ ብላ «መድኃኒትዎን ዋጡ?» እያለች ሰፈሩን ታሰማለች። እየዋጥኩ ነው፤ እሷን ማን ይችላል!

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ነው። መጀመሪያ ተቆጣ። ሦስት ዓመት ራስህን የረገምክበትን እርግማን ሁሉ ወደ እኔ አዙረው። ደውልና ጩኽብኝ፤ አንዲት ቃል ሳልመልስ እሰማሃለሁ። ጩኸህ ሲወጣልህ ስለ ቤቱ ደግመህ ብትጠይቀኝ ግን ከአሁኑ ልንገርህ፦ አልሸጥም።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ልጅህን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ።

ጥፋቱንም ቤቱንም ለማንም የማይለቅ፣
አባትህ