ጭቃ የተቀባው ጊሌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቆቦ

የጥንት ጃፓኖች የሠሩትን ሰይፍ ለዋጃው ብረት ቀጥቃጭ ለጋሽ ሰይድ በስልኬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ስለቱን ተከትሎ ነጭ መስመር እንደ ደመና ይሄዳል። የሚወጣው ጀርባውን ጭቃ ቀብተው የጋለውን ብረት ውሃ ሲነክሩት ነው። የሱቄ ደንበኞች ይወዱታል ብዬ አፋሮች በሚታጠቁት ጩቤ፣ በጊሌ ላይ እንዲሞክሩት ለመንኳቸው።

ዛሬ ሄጄ አየሁት። ከሠሯቸው ሦስት ጊሌዎች ሁለቱ ውሃው ውስጥ ተሰንጥቀዋል። ሦስተኛው መስመሩን አውጥቷል፤ ያምራል።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለደንበኛዬ ለሐመዱ፣ ለልጁ ሰርግ።»

«ይሄም ውስጡ ተሰንጥቆ ይሆናል። የለመድኩት ሥራ ቢሆን መታ አድርጌ በድምፁ አውቀው ነበር። እጁ ላይ ሲሰበርበት የሚጠራው የኔን ስም ነው።»

ሐመዱ ነገ ይመጣል። ሱቄ ስመለስ የተለመደውን ጊሌ ከፊት አስቀምጬ ይዤው የመጣሁትን ይሄኛውን ከኋላ ሰቀልኩት። በር ላይ ቆሜ ሳይ ግን ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። አላነሳሁትም።