አባትህ የሚሸጣት መኪና

ልጄ ሆይ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ። ከአባትህ ዓይን በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሐኪሙ መንዳት ስለከለከለው ያቺን ባለ ሁለት ወንበር ቀይ መኪናውን ሊሸጥ ማስታወቂያ አወጣ። ገዢ ሲመጣ ግን መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫማ ያስወልቃል፤ ሴት ልጁን የሚድር ይመስል "ዝናብ ላይ ታሳድራታለህ?" እያለ ይመረምራል። ትናንት አንዲት አስተማሪ ፈተናውን አለፈች። አባትህን ላብ አጠመቀው። "ሞተሯ ያማታል" አላት፣ ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ የማያውቅ ሰውዬ! ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ "እውነት ነው፣ እማማ?" አለችኝ። ምን ልበል? "አዎ፣ ያስላታል" አልኩ።

ዛሬ ደግሞ "ላሙቃት" ብሎ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ብከተለው የጎረቤትን በር የእኛ ጋራዥ መስሎት ሲታገል አገኘሁት። እባክህ ደውልለትና ቁልፉን ለእኔ እንዲሰጠኝ ለምነው። እኔማ መኪና ያስላታል ካልኩ ወዲያ ምን አፍ አለኝ? የሚያይ ዓይን፣ እምቢ የሚል አፍ ይስጥህ።

እናትህ